የእማማ ዘርፌ ዘጠኝ ጉድጓዶች

ጳጉሜን 4 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ኮልፌ ውስጥ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወደ ታች በሚወርደው የሰፈራችን መንገድ ላይ፣ አንዲት ዓይነ ስውር ሴት ያለ መሪ የሚሄዱበት ምልክት ከዳር እስከ ዳር ጠፍቶ ተገኘ። እንዲጠፋ ያዘዘው ሰው ምልክት መሆኑን ያውቅ ነበር። እንዲያውቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ባለፈው ወር ለለቅሶ ወደዚያ ሰፈር ሄጄ ነበር። ከድንኳኑ ስወጣ ቀሚሴ ከአንድ አጥር ሥር የበቀለ አሪቲ ነካና ጠረኑ ተነሣ። አሪቲ ካልነኩት ጠረኑን አይሰጥም። እግሬ ሳላዝዘው ወደ ግራ ታጠፈ፤ በዚያ በኩል የነበረው ጉድጓድ ግን ከተደፈነ ቆይቷል። ለቅሶ ደርሼ የወጣሁ ሴት መሀል መንገድ ላይ ቆሜ ፈገግ አልኩ። ፈገግታው የክረምቱ ነው፤ ቁጣው የጳጉሜን ነው። ሁለቱን ሳልቀላቅል በየተራ እጽፋለሁ።

መንገዱ አስፋልት ይባል ነበር። ስሙ ውሸት አልነበረም፤ በጉድጓዶቹ መካከል አስፋልት ነበረበት። ክረምት ሲገባ ጉድጓዶቹ ውኃ ሞልተው ከመንገዱ ጋር እኩል ይሆናሉ፤ የቱ መሬት፣ የቱ ኩሬ እንደሆነ ዓይን ያለውም ሰው አይለይም። ቀበሌው በየወሩ አንድ እሑድ እያንዳንዱ አባወራ ከአጥሩ ፊት ያለውን ቦይ እንዲጠርግ ያዝዝ ስለነበር፣ እኔም ጉድጓዱ የየአባወራው ንብረት ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። የእኛ ቤት ጉድጓድ በጥልቀት ከሰፈሩ አንደኛ ነበር። በዚህ እኮራ ነበር።

ከእኛ ቀጥሎ ያለው አጥር የጋሽ በየነና የባለቤታቸው የእማማ ዘርፌ ነው። ጋሽ በየነ ዕድሜያቸውን በመንገድ ሥራ አሳልፈው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አጭር ናቸው፤ ሲናገሩም አጭር ነው። እማማ ዘርፌ ረጅም ናቸው፤ የዓይናቸው ብርሃን ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ሲፈትሉ ፊታቸውን ወደ በሩ ያዞራሉ፤ ክሩን ጣታቸው ያየዋል። የፈተሉትን መንገዱ ግርጌ ላለው ሸማኔ ለጋሽ ዳና ያደርሳሉ፤ እዚያም የሸማውን ዕቃ ድምፅ እያዳመጡ ግማሽ ቀን ይጨዋወታሉ። ከቤታቸው ውጭ የቀራቸው አንድ ቦታ ያ ነበር።

ችግሩ ወደዚያ መድረሱ ነው። ሰው ክንዳቸውን ይዞ ሊመራቸው ሲመጣ ፊታቸው ይለወጥ ነበር። «ፍየል ነኝ እንዴ የምጎተተው?» ይሉ ነበር። አንድ የሰኔ ቀን ማንንም ሳያስከትሉ ወጡና ሁለተኛው ጉድጓድ ውስጥ ገቡ። ውኃው እስከ ጉልበታቸው ደረሰ፤ የእጃቸው አንጓ ተጠመዘዘ፤ ፈትሉ ጭቃ ሆነ። እናቴ ሮጣ ስታነሣቸው፣ «ፈትሌን መጀመሪያ!» አሉ።

ጋሽ በየነ በዚያው ቀን ቀበሌ ሄደው አመለከቱ። ሦስተኛ ጊዜያቸው ነበር። ሲመለሱ እናቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ምን አሉዎት?» ስትል ሰማሁ።

«ይታሰብበታል አሉ።»

እናቴ ከንፈሯን መጠጠች። ለምን እንደመጠጠች አልገባኝም። ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር፦ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ግንባሩን በእጁ ይዞ ስለ ጉድጓዶቻችን የሚያስብ አንድ ሰው አለ። የመንገዱ ጉድጓድ ብዙ በመሆኑ ጊዜ እንደሚወስድበት ገምቼ አዘንኩለት።

በማግሥቱ ጠዋት ጋሽ በየነ ዶማ፣ መሮና መዶሻ ይዘው ወጡ። እኔና ጫልቱ አጥር ሥር ተቀምጠን ነበር። ጫልቱ ጓደኛዬ ናት፤ አያቷ ቡራዩ ይኖራሉ፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ታቀለጥፈዋለች፤ በሁለቱም አፏ አያርፍም። ጋሽ በየነ ከጉድጓዱ ውኃውን በጣሳ ቀዱ፤ ከዚያ የተሸራረፈውን ጠርዝ በመሮ እየመቱ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን አደረጉት።

«ጋሽ በየነ፣ ምን እየሠሩ ነው?» አልኩ።

«መንገድ።»

«በአፈር?»

«ሬንጅ ካለሽ አምጪ።»

ጫልቱ ሳቀች። እርሳቸው አልሳቁም። ከታች ጠጠር አነጠፉ፤ በላዩ ከጓሯቸው ያመጡትን ጥቁር አፈር ከፍግ ጋር ቀላቅለው ሞሉ፤ በአንድ በኩል ውኃው የሚወጣበት ቀጭን መስመር እስከ ቦዩ ቀደዱ። አፈሩን በእግራቸው ሳይሆን በእጃቸው ጫኑት። «ሰዎች ጉድጓድ ላይ አፈር ደፍተው ይሄዳሉ» አሉ፣ ለእኛ ሳይሆን ለመሮው። «ያ መቅበር ነው። ጉድጓድ ጠርዙ ካልተስተካከለ፣ ውኃውም መውጫ ካላገኘ፣ ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ ይከፈታል።» ከዚያ ወደ ግቢ ገብተው አንድ እቅፍ አሪቲ ከነሥሩ ነቅለው አመጡና ተከሉት።

«አበባ ነው?» አለች ጫልቱ።

«ምልክት ነው። ቅጠል ያየ ሰው እግሩን ያነሣል። ሾፌርም መሪውን ይጠመዝዛል።»

በዚህ ጊዜ እማማ ዘርፌ በዱላቸው እየተመሩ ከበሩ ወጡ። የዱላው ጫፍ አሪቲውን ነካ። ዱላውን አንሥተው ጫፉን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ፊታቸው ላይ የሆነውን ዛሬም በትክክል ልገልጸው አልችልም፤ የተዘጋ መስኮት ከውስጥ ሲከፈት ከውጭ የሚታየው ነው።

«በየነ።»

«አቤት።»

«ይሄ አሪቲ ነው። እንግዲህ ከበሬ ሦስት እርምጃ ላይ ነኝ።»

«ነሽ።»

«ቀጥሎ ያለው ጉድጓድ ላይ ምን ልትተክል ነው?»

«አሪቲ ነዋ። ሌላ ምን አለኝ?»

«ሞኝ ነህ እንዴ? ሁሉም አሪቲ ከሆነ የት እንዳለሁ በምን አውቃለሁ? እዚያ ጤና አዳም አድርግልኝ። ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ሌላ። እስከ ዳና ቤት።»

 ጋሽ በየነ መሮውን አንሥተው ወደ ሁለተኛው ጉድጓድ ሄዱ። ሐሳቡ የእርሳቸው ነው የሚሉ ሰዎች በኋላ ሰምቻለሁ። አይደለም። የእማማ ዘርፌ ነው፤ ምስክሮቹ እኔና ጫልቱ ነን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክረምቱ ሥራ ሆነ። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ዝናቡ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ጠዋቱ የእኛ ነው። ጋሽ በየነ ይቆፍራሉ፤ እኔና ጫልቱ ጠጠር እንለቅማለን፣ ፍግ እናመጣለን፣ ችግኝ እንለምናለን። ልመናው ከሁሉም ይጥም ነበር። ጤና አዳሙን የሰጠችን እናቴ ናት፤ መጀመሪያ ግን ጮኸች። «አስፋልት ላይ ጓሮ? ሰው ምን ይለናል! በዚያ እግርሽ ደግሞ ወደ ቤት እንዳትገቢ!» ጮኻ ስታበቃ ራሷ በቢላዋ ቆርጣ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ናናውን ከሻይ ቤት፣ ጠጅ ሳሩን ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር አገኘን። ጦስኙን የጫልቱ አያት ከቡራዩ ላኩ። ሲልኩም፣ «ለማን ነው?» ብለው ጠይቀው፣ ጫልቱ በኦሮምኛ ስታስረዳቸው እጅግ ስለሳቁ ሁለት እጥፍ አድርገው ሰጡ።

ኮሰረቱ የት ይተከል የሚለው ነገር ክርክር አስነሣ። በመንገዱ መሀል፣ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት የሚወስደው መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ ላይ አምስተኛው ጉድጓድ አለ። ከእርሱ ወደ ግራ የታጠፈ ወደ ጋሽ ዳና ይወርዳል፤ ቀጥ ብሎ የሄደ ግን መኪና ወደሚበዛበት ዋና መንገድ ይገባል። ጋሽ በየነ እዚያ ድንብላል ሊያደርጉ ፈለጉ።

«ድንብላል በዝናብ ይደክማል» አሉ እማማ ዘርፌ። «እዚያ ላይ የሚጮህ ነገር እፈልጋለሁ። ኮሰረት አድርግ።»

«ኮሰረት ቶሎ አይይዝም።»

«ይዘኸው ቁም እንግዲህ።»

ተተከለ፤ ያዘም። የመጨረሻው፣ የጋሽ ዳና በር ላይ ያለው፣ ነጭ ሽንኩርት ሆነ። ጋሽ ዳና ራሳቸው ናቸው የተከሉት። «እማማ ዘርፌ ይህን አልፈው ከሄዱ ጉንፋን ይዟቸዋል ማለት ነው» አሉ።

ዘጠኝ ጉድጓዶች፣ ዘጠኝ ጠረኖች። እኔና ጫልቱ ቅደም ተከተሉን በዜማ አጠናነው፦ አሪቲ፣ ጤና አዳም፣ ናና፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ድንብላል፣ ጠጅ ሳር፣ ጦስኝ፣ ነጭ ሽንኩርት። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር በቃሌ አጥንቻለሁ፤ ብዙውንም ረስቻለሁ። ይህን ግን ከኋላ ወደ ፊትም እወጣዋለሁ።

ጨዋታም ወጣለት። የእናቴን ሻሽ ዓይናችን ላይ አስረን፣ ጎንበስ ብለን ቅጠል እያሻሸን ከላይ እስከ ታች መሄድ ነው። የተሳሳተ ሰው የበግ ድምፅ ያሰማል። ጫልቱ በሶብላውን ጤና አዳም ብላ መንገድ ላይ ቆማ ስትጮህ፣ የእውነት በግ ከሰው ግቢ መለሰላት፤ ሆዴን ይዤ አስፋልቱ ላይ ተቀመጥኩ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ መጡ። በዚያ ክረምት የልጅ ሁሉ እጅ የወጥ ቅመም ይሸት ነበር።

መኪና ግን ያሳስበን ነበር። ቤንዚን በራሽን ስለነበረ የሚያልፈው ጥቂት ነው፤ የሚያልፈው ግን ከባድ ነው። አንድ ጠዋት የጠጠር መኪና መጣና ጤና አዳሙ አጠገብ ቀጥ አለ። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ ጋሽ በየነን ተጣራ።

«አባባ! ይሄ ጎመን የማነው? ሥጋው ከኔ!»

«የመንግሥት ነው» አሉ ጋሽ በየነ፣ ፊታቸው ሳይንቀሳቀስ።

ሾፌሩ ሳቁን አቆመ። «የመንግሥት?»

«የመንግሥት።»

«እንደሱ ከሆነማ አልነካውም፣ አባባ።» መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ፣ ጎማውን በአጥሩ በኩል አስጠግቶ፣ ዘጠኙንም እየዞረ እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ ብሎ ወረደ። ወሬው በሾፌሮች መካከል ሳይዛመት አልቀረም፤ ከዚያ በኋላ አንድም ቅጠል በጎማ አልተነካም። እኔም አመንኩ። የምንለቅመው ጠጠር የመንግሥት ሥራ ነው ብዬ ለሰፈሩ ልጆች ነገርኩ።

ከቡሄ በኋላ ባለው ሳምንት እማማ ዘርፌ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ፈትላቸውን በመሶብ ክዳን ውስጥ አድርገው ወጡ። ፈትሉ ለጋሽ በየነ ጋቢ ነው፤ ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስ በየአምስት ቀኑ ለሸማኔው ሊያደርሱ አስበዋል። ባለቤታቸውን በር ላይ አቁመው፣ «እንዳትከተለኝ» አሉ። ለሁላችንም፣ «ማንም እንዳይከተለኝ» አሉ።

እኔና ጫልቱ ጫማችንን አውልቀን በጣታችን ጫፍ ተከተልን።

ዱላው አሪቲውን ነካ፤ ወደ አፍንጫ ሄደ፤ ወረደ። ሰባት እርምጃ። ጤና አዳም። ሰፈሩ ሥራውን አቁሞ ነበር። ሴቶች ከየበሩ ወጥተው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። ናናው ላይ ደርሰው ሲያሸቱ ፈገግ አሉ። አራተኛው ላይ ግን ቆሙ፤ ዱላቸውን ሁለቴ አነሡ። እኛ አየን፤ በሶብላው እስከ ግንዱ ተግጧል።

እማማ ዘርፌ ጎንበስ ብለው መሬቱን በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ እጃቸውን አሸተቱ። «በጉ ቀድሞኛል» አሉ ጮክ ብለው። «በሶብላው የለም፤ በጉ ግን ሸትቶኛል። አራተኛው ላይ ነኝ!» ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ። እርሳቸውም እየሳቁ ቀጠሉ። ኮሰረቱ ጋ ሲደርሱ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ጫልቱ፣ ንፍጥሽን ስትስቢ ይሰማኛል። ጓደኛሽንም ይዘሽ ተመለሺ» አሉ።

አልተመለስንም። ወደ ግራ ታጠፉ። ነጭ ሽንኩርቱ ላይ ሲደርሱ ዱላቸውን አላነሡም፤ ጠረኑ ራሱ ተቀብሏቸዋል። በሩን በዱላ መቱ። የሸማው ዕቃ ድምፅ ተቋረጠ። ጋሽ ዳና ከሸማ መሥሪያ ጉድጓዳቸው ወጥተው በሩን ከፈቱና ግራና ቀኝ አዩ።

«ማን አመጣዎት?»

«እግሬ» አሉ እማማ ዘርፌ።

ጋሽ ዳና ክዳኑን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ከመንገዱ አናት እልልታ ተሰማ። የጀመረችው እናቴ ናት፤ አስፋልት ላይ ጓሮ ሰው ምን ይለናል ያለችው። ዞር ስል ጋሽ በየነ አሁንም ከበራቸው አልተነቃነቁም፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው በደረታቸው ላይ ይዘዋል።

በዚያ ወር አራት ጊዜ ሄዱ፤ አራት ጊዜ ተመለሱ። በዝናብ ቅጠሉ ታጥቦ ጠረኑ ሲደክም በጣታቸው ያሹታል። ስንደግፋቸው እንቢ ይላሉ፤ ቅጠል ስናጠጣ ይመርቁናል። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚቀድሙት ወሬ ነበራቸው፤ መንገድ ላይ ሰው ያገኙ ነበርና። ደስታ ምን ይመስላል ተብዬ በችሎት ብጠየቅ የማቀርበው ማስረጃ ይህ ነው፦ አንዲት ሴት ዱላቸውን አሸትተው ወደ ግራ ሲታጠፉ።

«የመንግሥት ነው» የተባለው ቃል ግን ከሾፌር ወደ ሾፌር ሲሄድ ቀበሌ ደረሰ። ቀበሌው ሳያውቀው የመንግሥት የሆነ አትክልት ሊኖር አይችልም። በነሐሴ መጨረሻ ሊቀመንበሩ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ወጣት ነበሩ፤ ጫማቸው ይወለወላል፤ ጉድጓድ ሲያልፉ ሱሪያቸውን በሁለት ጣት ያነሡ ነበር።

«የመንግሥት የተባለው የቱ ነው?»

«ጓድ ሊቀመንበር» አሉ ጋሽ በየነ፣ «መንገዱ የመንግሥት ነው። ጉድጓዱም የመንግሥት ነው። የእኔ ቅጠሉ ብቻ ነው።»

ሊቀመንበሩ ሊቆጡ ወይም ሊስቁ መወሰን አቅቷቸው ቆዩ፤ በመጨረሻ ሳቁ። ከላይ እስከ ታች ሄደው ቆጠሩ፤ ጻፉ። «ግሩም ተነሣሽነት ነው። ሥርዓት ግን ይጎድለዋል። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር።» ጋሽ በየነ መሮአቸውን ሊያነሡ ሲሄዱ እኔ ሊቀመንበሩን ተከትዬ ሄድኩ። ማንም አልላከኝም። ኩራት ነው የላከኝ። ከኮሰረቱ አጠገብ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፦ እማማ ዘርፌ እንደማያዩ፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ የተለያየ ጠረን እንዲኖረው ለምን እንዳስፈለገ፣ ይህኛው ከጠፋ ወደ መኪናው መንገድ እንደሚገቡ። ቅደም ተከተሉን በዜማ አወጣሁላቸው። ጎንበስ ብለው ኮሰረቱን በጣታቸው አሹና አሸተቱ። «ጎበዝ ልጅ ነሽ» ብለው ራሴን ዳበሱኝ።

ትልቅ ሰው ሰምቶ ራስን ከዳበሰ ነገሩ ተፈጽሟል ብዬ አምን ነበር።

ጳጉሜን 3 ቀን ጋሽ በየነ አልነበሩም፤ አስኮ የሚኖሩት ወንድማቸው ጣራ አፍስሶ ሊያግዟቸው ሄደው አድረዋል። እማማ ዘርፌ በራቸውን ዘግተው የመጨረሻውን ፈትል ይፈትሉ ነበር። ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሰዎች የችግኝ ሣጥን ይዘው መጡና የሰፈሩን ልጆች ሰበሰቡ። ለአብዮቱ በዓል ከቀበሌው በላይ ከሆነው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እንግዶች ስለሚመጡ መንገዱ ሊያምር ነው። ችግኙ ቀይ አበባ ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም አንድ ቁመት፣ አንዱም ጠረን የለውም። ያለው እንዲነቀል ታዘዘ።

ሊቀመንበሩ ቆመው ያሠሩ ነበር። ጠጋ ብዬ፣ «እማማ ዘርፌስ?» አልኳቸው።

«ይታሰብበታል።»

እፎይ አልኩ። ሰኔ ላይ ማን እንደሚያስብ አላውቅም ነበር፤ አሁን ሰውየውን በዓይኔ አየሁት። ሌሊቱን ያስቡበታል፤ ጠዋት ሰው ልከው ለእማማ ዘርፌ ይነግሯቸዋል፤ ከበዓሉ በኋላ ቅጠሉን እንመልሰዋለን። ይህን ሁሉ በራሴ ደመደምኩና አሪቲውን ነቀልኩት። በገዛ እጄ። ጫልቱ ኮሰረቱን አልነቅልም ብላ ቤቷ ገባች፤ ፈሪ ብዬ ሰደብኳት። ማታ ስተኛ እጄ አሪቲ አሪቲ ይል ነበር። መንገዱ በእርግጥ አምሮ ነበር፤ ይህንም ለእውነት ስል እጽፋለሁ።

ሐሙስ ከወትሮው ውጭ ከጠዋት ጀምሮ ይዘንብ ነበር። ውኃ ልቀዳ ባልዲ ይዤ ስወጣ እማማ ዘርፌ መንገዱ መሀል ደርሰው ነበር። በኋላ እንደነገሩኝ፣ የመጀመሪያው ላይ ዱላቸው ቅጠል ነካ፤ ጠረን ግን የለም። ዝናቡ አጥቦት ነው ብለው እርምጃ ቆጠሩ። ሁለተኛውም ዝም አለ፤ ሦስተኛውም። ጎንበስ ብለው ያሹት ቅጠል ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። ከአራተኛው በኋላ ቁጥሩ ጠፋባቸው።

አምስተኛው ላይ ቀጥ ብለው ሄዱ።

የቀበሌው በር ከዚያ ቦታ ጥቂት እርምጃ ነው። ሊቀመንበሩ ደብተራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። እማማ ዘርፌ ዱላቸውን ወደ አፍንጫቸው እያነሡ፣ እያወረዱ፣ ወደ መኪናው መንገድ ሲገቡ ያያሉ። ባልዲዬን ጥዬ ሮጥኩ፤ እየሮጥኩ ጮህኩ፤ ዝናቡና የመኪና ድምፅ ዋጡኝ። የውኃ ቦቴ መጣ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፤ ፍሬኑን ያዘ፤ መኪናው ተንሸራቶ ከፊታቸው ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆመ። እማማ ዘርፌ አልወደቁም። ክዳኑ ግን ከእጃቸው ወደቀ፤ ነጩ ፈትል ተዘርግቶ ጎማው ሥር ገባ። ሾፌሩ፣ «ምን ዓይነት ሴትዮ ነሽ!» አለ። ከመንገዱ ማዶ ፌርማታ ላይ የቆሙ ሰዎች ሳቁ። ሊቀመንበሩ ደብተራቸውን ዘግተው ወደ ውስጥ ገቡ።

እጃቸውን ያዝኩ። በጣታቸው ፊቴን ዳሰሱና አወቁኝ።

«አንቺ ነሽ፣ ትርሲት? መንገዱን ማን ወሰደው?»

ክንዳቸውን ይዤ መራኋቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቢ አላሉም።

ጋሽ በየነ ተመልሰው፣ በዓሉ ካለፈ በኋላ ቀዩን አበባ ነቅለው፣ አሪቲውን እንደገና ተከሉ፤ ኮሰረቱንም ጭምር። ሁሉም ያዘ። ጫልቱ ይቅር አለችኝ፤ አብረን አጠጣን። እማማ ዘርፌ ግን ከበራቸው አልወጡም። «ቅጠሉ ደኅና ነው» አሉ። «ነገ ምን እንደሚሆን ግን ቅጠሉ አይነግረኝም።» ጋቢው በሌላ ሰው ፈትል ተጨረሰ።

ባለፈው ወር ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሊቀመንበሩ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር፤ አላወቁኝም። ለወጣቶቹ፣ «በእኛ ጊዜ ይህ መንገድ ከላይ እስከ ታች አበባ ነበር» ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው፤ ነበር። ለዚህ ነው የምጽፍልዎት፣ ጓድ ሊቀመንበር። ስምዎን አልጠቀስኩም፤ የእርስዎን ስም ከማንሣት ይልቅ መልስዎን ማግኘት እፈልጋለሁ። አበባውን ለምን እንዳስተከሉ አልጠይቅም፤ ታዝዘው ይሆናል። በዚያ ዘመን መታዘዝ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ታዝዤ ነቅያለሁ፤ የራሴን ድርሻ ከላይ ጽፌዋለሁ።

የምጠይቀው ስለዚያች ሐሙስ ነው። ከበሩ እስከ እማማ ዘርፌ የሰው ድምፅ የሚደርስበት ርቀት ነበር። «እናቴ፣ ወደ ግራ» ማለት ይበቃ ነበር። አላሉም። ስለዚህ፦ እማማ ዘርፌ ዱላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሲያነሡ እርስዎ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩ፣ ኮሰረቱ አጠገብ የነገርኩዎትን ረስተውት ነበር ወይስ ያስታውሱ ነበር? ማብራሪያ አያስፈልገኝም። ከሁለቱ አንዱን ቃል ጽፈው ይላኩልኝ።